«ኮበለለ» በሉ

በአውቶቡስ መናኸሪያው የእውነት ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ሹፌሩም ተሸካሚውም «እትዬ ማይክ» ነው የሚላት። ከትኬት መሸጫው በላይ ካለችው፣ መስኮቷ በአቧራ ከደበዘዘ ጠባብ ክፍል ሆና አውቶቡስ ትጠራለች፣ የተረሳ ሻንጣ ባለቤት ትፈልጋለች፣ ከእናቱ እጅ ያመለጠ ሕፃን ታገናኛለች። ድምጿ ጎርናና ነው። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብሉኝ» ስትል እንኳ ሰው ሻንጣውን አንስቶ ይነሳል እያሉ ይቀልዱባታል።

ፓርቲ መቼም ሥራ አያጣም፤ ገዢው ፓርቲ በቃላት ላይ የዘመተ ጊዜ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። አለቃዋ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አውቶቡስ ዘገየ አይባልም። በዝግጅት ላይ ነው ይበሉ» አላት። አለች። ከታች አንድ ተሳፋሪ፣ «ምነው፣ ሊሞሸር ነው?» ብሎ መናኸሪያውን በሳቅ አናጋው። የታሪፍ ጭማሪ «ማስተካከያ» ሲባልም ሳቅ አልቀረም።

ከተቃውሞ ሰልፉ በኋላ ግን ወጣቶች ከቤት እንደወጡ መቅረት ጀመሩ፤ ያኔ ሳቁ ደረቀ። «ጠፋ» የሚለው ቃል ተከለከለ። ጠፋ ከተባለ፣ ማን አጠፋው የሚል ይከተላላ! «ኮበለለ» በሉ ተባለ። እናቶች ፎቶ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ፣ እትዬ ማይክ ዓይናቸውን ሳታይ «የኮበለለ ወጣት» እያለች አነበበችላቸው። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው፤ ጨርሶ ካለመጠራት ይሻላል እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። እንዲህ ክረምትና በጋ ተፈራረቀ።

ከዚያ የታናሽ እህቷ ልጅ፣ ጎሚስታው፣ ጎማ ሊለጥፍ እንደወጣ ቀረ። እትዬ ማይክ አልወለደችም፤ ያሳደገችው ልጅ ቢኖር እሱ ነው። እህትየው በየፖሊስ ጣቢያው ተንከራተተች። በዚህ መሃል ተቃዋሚው ፓርቲ ደግሞ የልጁን ፎቶ አትሞ፣ «ሰማዕት» ብሎ አጥሯ ላይ ለጠፈው። እናት በጥፍሯ ቦጭቃ ጣለችው። የለጠፈው ሰውዬ ሊያጽናናት፣ «እናታችን፣ ክብር እኮ ነው» ቢላት፣ «ክብሩ ይቅርብኝ! ሬሳውን አሳይተኸኛል?» ብላ አባረረችው።

በማግስቱ ወደ መናኸሪያው መጣች።

«እታለም፣ ጥሪልኝ» አለች። «ግን ኮበለለ እንዳትዪ። የኮበለለን ማን ይፈልጋል? ሰማዕትስ ከሆነ ምኑ ይፈለጋል? የሚፈለገው የጠፋ ነው። ልጄ ጠፍቷል በይልኝ፤ ምናልባት ያየው ሰው ይኖራል።»

«እላለሁ። ቢያባርሩኝም እላለሁ። አንቺ ውረጂና ማጉያው ሥር ሆነሽ ስሚ።»

የምሯን ነበር። አለቃው ስብሰባ ሄዷል፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። በመስኮቱ ስታይ እህቷ ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ሽቅብ ታንጋጥጣለች፤ አንዳንድ መንገደኛም ምን ሆና ነው እያለ ወደ ፎቶው ጠጋ ጠጋ ብሏል። እትዬ ማይክ የማይኩን ቁልፍ ተጫነች። እንዳታለቅስ ፈርታ ዓይኗን ጨፈነችና ሁልጊዜ እንደምትለው አለች።

«ክቡራን መንገደኞች፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ የኮበለለ ወጣት...»

ቃሉን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። «የጠፋ! የጠፋ ነው! ልጃችን ጠፍቷል!» እያለች ጮኸች፤ ማጉያው እያፏጨ ጩኸቷን ዋጠው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፎቶውን ሊያዩ የተጠጉት ሰዎች ሻንጣቸውን አንስተው ወደየሰልፋቸው ተመለሱ።

ደረጃውን እየተደናቀፈች ወረደች። እህቷ እዚያው ቆማለች፤ ፎቶውን ከደረቷ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም።

«እታለም» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺም አመንሻቸው?»