በነሐሴ የሚላግ መስኮት

ሸዋረጋ ከባሏ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ቤት ሲሠሩ ከሁሉ አስቀድማ ያሰበችው ለመስኮቱ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የምትሰፋ ሴት ብርሃን ምን እንደሆነ ታውቃለችና፣ ግድግዳው ገና ሳይመረግ በምሥራቅ በኩል ሁለት ሰፋፊ መስኮት እንዲተውላት አስደረገች።

«ጣሪያውንም በሩንም አንተ ምረጥ፤ መስኮቱን ብቻ ለእኔ ተውልኝ» አለችው ባሏን ዓለሙን።

ዓለሙ መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው ነበር። የሚያውቀው ሌላውን ሁሉ ነው፤ ቢጠየቅም ባይጠየቅም።

በኅዳር 1951 ዓ.ም. ሁለቱም የካ ሚካኤል አጠገብ ወዳለው አናጢ፣ ወደ ጋሽ ዲንሳ ወረዱ። ሽማግሌው አንዱን የዝግባ ጣውላ በጣቱ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ሰጠው።

«እንጨቱ ጥሩ ነው፤ ግን ውኃውን ገና አልጨረሰም። እስከ ፋሲካ ጥላ ሥር ይቆይ። እርጥብ እንጨት አመሉን የሚያወጣው ቤት ከገባ በኋላ ነው።»

«እንጠብቃለን» አለች ሸዋረጋ።

ዓለሙ ግን የመሥሪያ ቤቱን አለቃ በገና ለቤት ምረቃ ጠርቶ ኖሯል። ሸዋረጋ የታመመች እናቷን ለመጠየቅ ሰንዳፋ ሄዳ በአምስተኛው ቀን ስትመለስ ሁለቱም መስኮቶች ተገጥመው፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተለቅልቀው ጠበቋት። ስሙን እንኳ የማታውቀው አናጢ ከእርጥብ ጣውላ ሠርቷቸዋል።

«እንጨት ያው እንጨት ነው። ቀለሙ ውኃ አያስገባም» አላት ዓለሙ።

«ውስጥ ያለውንስ ውኃ ማን ያስወጣው?»

በገና የመጡት እንግዶች ግን ቀለሙን አደነቁ።

ሐምሌ ሲገባ መስኮቶቹ አበጡ። ሸዋረጋ በእጇ ብትገፋ፣ በትከሻዋ ብትገፋ ንቅንቅ አላሉም። ሁለቱም ከነመዝጊያቸው ድርግም ብለው ቀሩና በቀትር ኩራዝ አብርታ ትሰፋ ጀመር። በዚያ ጭለማ ነው የአንዲት ደንበኛዋን ካፖርት ቀኝ እጅጌ በግራ፣ ግራውን በቀኝ የገጠመችው። ሴትዮዋ ለብሳው እጆቿ ወደ ኋላ ሲዞሩባት ሸዋረጋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ዓለሙ መላጊያ ገዝቶ መጣ። ነሐሴን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ እያፏጨ የመዝጊያዎቹን ጠርዝ ላገ። መስኮቶቹም ተከፈቱ።

«አየሽ?» አላት።

ጥር ላይ በእርግጥ አየች። እንጨቱ ደርቆ ተሸመቀቀ፤ በክፍተቱ የሰው ጣት ያልፋል። የእንጦጦ ነፋስ እየገባ ለልብስ ልክ የቆረጠችውን ወረቀት ሁሉ አልጋ ሥር ይበትነዋል። ዓለሙ ክፍተቱን በጋዜጣ ወተፈው። በክረምት ጋዜጣው ራሰ፣ እንጨቱ አበጠ፣ እሱም መላጊያውን አነሣ። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ። «ተው፣ ሰው እንጠይቅ» ስትለው «ሥራው እኮ አልቋል፤ ጥቂት ነው የቀረው» ይላል። ጥቂት ጥቂት እያለ በአራት ክረምት መዝጊያው ከሁለቱም ጠርዝ አለቀ፤ የታችኛው እንጨት በስብሶ እንደ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር።

በመስከረም 1955 ዓ.ም. ሸዋረጋ ለማንም ሳትነግር ወርዳ ጋሽ ዲንሳን ይዛው መጣች። ሽማግሌው መስኮቱን ዳሰሰው።

«ማን ነው የላገው?»

«ባሌ።»

«በምን ወር?»

«በነሐሴ። በየዓመቱ በነሐሴ።»

ጋሽ ዲንሳ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ልጄ፣ በሬ ጠግቦ ሆዱ ቢነፋ ይቆረጣል? ሲርበው ራሱ ይጎድላል። እንጨትም በክረምት ይጠግባል፣ በበጋ ይርበዋል። ጥጋቡን አይተሽ ከላግሽው በበጋ ምን ይተርፍሻል?»

በዚያው ሳምንት ጣውላውን ራሷ መርጣ አስመጣች። ጋሽ ዲንሳ እንዳሳያት ደረቅ ቦታ፣ በየመካከሉ ቀጭን ቀጭን እንጨት እያስገባች አየር እንዲያልፈው አድርጋ ደረደረችው። ደረቅ ቦታ ያለው ደግሞ እንግዳ መቀበያው ክፍል ብቻ ነበር። ዓለሙ ወደ መኝታው በጎኑ መሄድ ግድ ሆነበት።

«ቤቱን መጋዘን አደረግሽው እኮ! እስከ መቼ ነው?»

«እስኪደርቅ።»

«መቼ ይደርቃል?»

«አንተ ለአንድ ገና ቸኩለህ አራት ዓመት አጨለምክብኝ። እኔ ስምንት ወር መንገድ ባጠብብህ ምን ትሆናለህ?»

በእነዚያ ስምንት ወራት ዓለሙ ጉልበቱን ጣውላው ላይ ስንት ጊዜ እንደመታ የቆጠረው የለም፤ በመታ ቁጥር ግን ጎረቤት ይሰማ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጋሽ ዲንሳ አዲሶቹን መስኮቶች ገጠመ። ዙሪያውን እንጨቱ በክረምት ሲጠግብ የሚሞላው፣ የስሙኒ ጠርዝ የሚያሳልፍ ክፍተት ተወ። የታችኛውን እንጨት ወደ ውጭ አዘንብሎ ዝናቡ እንዲወርድ አደረገው። ቀለም ሳይሆን የተልባ ዘይት በጨርቅ እያሸች እንድታጠጣው፣ ይህንንም በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ እንድትደግመው ነገራት። ዓለሙ ጎንበስ ብሎ ክፍተቱን አየ።

«ልኩን ስቶታል! ይኸው ቀዳዳ! አሁን በዚህ...»

«ዓለሙ» አለች፤ ድምፅዋ ከመቼውም ዝቅ ያለ ነበር፤ «ይህን መስኮት በጣትህ እንዳትነካው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ ዲንሳ፣ መላጊያውን ይዘውልኝ ይሂዱ። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።»

ሐምሌ መጣ። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሸዋረጋ ፈራ ተባ እያለች መስኮቱን ገፋ አደረገችው። ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ። ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። የስፌት መኪናዋን ወደ ብርሃኑ ስባ ተቀመጠች።

ከቀትር በኋላ ዓለሙ ከጎረቤታቸው ከአቶ ወንድይራድ ጋር ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ሲያወሩ ሰማች።

«ዝግባ ነው» ይላል ዓለሙ መዝጊያውን በመዳፉ እየደበደበ፤ «ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። እኔ ለእንጨት ነገር ቸኩዬ አላውቅም። ካስፈለገህ መጥቼ አስመርጥሃለሁ።»

ሸዋረጋ አፏ ውስጥ አራት ስፒል ይዛ ነበር። አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ የሚሰፋውን ኮሌታ አየች፤ የልብሱ ባለቤት ለማታ ትመጣለች። ስፒሎቹን መልሳ አፏ ውስጥ አደረገችና መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፤ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ።