ኪኒኑን ያስጾምንበት ሁዳዴ

ዘንድሮም ሁዳዴ ሲገባ ከቤቴ ማዶ ያለው ቡና ቤት ሙዚቃውን ዝቅ አደረገ። ጎረቤቶቼ «እፎይ፣ እንቅልፍ ልናገኝ ነው» ይላሉ። እኔን ግን በዚያ ጸጥታ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ጀርባ ባለ ቡና ቤት ቢራ እያቀረብኩ፣ ከደንበኛም ጋር እያደርኩ የምኖር ወጣት ነበርኩ። የእኔንና የብርቄን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ብርቄ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሰካራም በዘዴ መሸኘትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ኮንዶም እምቢ የሚል ደንበኛ ስለማይጠፋ ሁላችንም የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እንውጥ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ገበያው ይቀዘቅዛል፤ እኛም ጾመኞች ነን፣ ሥራ እናቆማለን። ታዲያ ኪኒኑንም አብረን እናቆመው ነበር።

«እኛ ስንጾም እሱ ለምን ይፈስካል?» ትል ነበር ብርቄ እየሳቀች።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሥራውንም ኪኒኑንም በአንድ ቀን ጀመርን። ግንቦት አልፎ ዝናቡ ሲበረታ የወር አበባዬ ቀረ። ስወደው የኖርኩት የሐይቅ ዳር የዓሣ ጥብስ ሽታ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ፈራሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሆዷ የገፋን ሴት አንድ ቀን አያሳድሩም። ላስወርደው እንዳልል፣ ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ የሆነ ነገር ጠጥታ በጋሪ ሲወስዷት አይቻለሁ፤ ጋሪው ተመለሰ፣ እሷ አልተመለሰችም።

ለብርቄ ነገርኳት። በማግስቱ በለስላሳ ጠርሙስ ጠቆር ያለ ነገር ይዛ መጣች።

«ይኼ ይገላግልሻል ብለውኛል። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ጠርሙሱን ሳየው በጋሪ የሄደችው ልጅ ትዝ አለችኝ።

«መጀመሪያ ልመርመር» አልኳት።

«ሂጂ እንግዲህ። ብቻ ራቅ በዪ፣ የሚያውቅሽ ሰው እንዳያይሽ።»

ነጠላዬን እንደ ባለትዳር ተከናንቤ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሽንት ሰጥቼ አግዳሚው ላይ ስጠብቅ በሩ በተከፈተ ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። በመጨረሻ ነርሷ ጠራችኝ።

«እርግዝና የለም።»

ማመን አቃተኝ። ኪኒን ሲቋረጥ የወር አበባ እንደሚዘበራረቅ፣ ጭንቀትም እንደሚያዘገየው፣ ያቋረጡት ኪኒን ደግሞ እንደገና ሲጀምሩት በዚያው ቀን እንደማይከላከል ነገረችኝ። ለምን እንዳቋረጥኩ ስትጠይቀኝ የጾሙን ነገር አወጣሁላት። አልሳቀችብኝም።

«እህቴ፣ ጾሙን ጹሚ። ኪኒን ግን በየቀኑ ነው» አለችና የሦስት ወር መርፌ ወጋችኝ።

ለብርቄ ላበስራት እየሮጥኩ ስደርስ በራችን ላይ ጋሪ ቆሟል። ብርቄን በአንሶላ ጠቅልለው ያወጧታል። ጠርሙሱ አልጋዋ ሥር ተንከባሏል፣ ጠብታ አልቀረውም። ለካስ የእሷም የወር አበባ ቀርቶ ኖሯል። እኔን አይዞሽ ስትለኝ የራሷን ፍርሃት ለማንም አልተነፈሰችም።

ሆስፒታል እንደገባች አረፈች። በእርግጥ አርግዛ ይሁን፣ ወይስ እንደ እኔ በከንቱ ፈርታ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን ዕድሜዬ ገፍቶ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የማዶው ቡና ቤት ሴቶች ሳሙና ሊገዙ ሲመጡ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጾሙን ጹሙ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታስጾሙት» እላቸዋለሁ።

«እማማ ደግሞ! ሥራ ሳይኖር ምን ሊያደርግልን?» ብለው ይስቃሉ።

ልክ እንደ ብርቄ ነው የሚስቁት።