ለክረምት የተቆጠበ እንባ

በስሟ የሚጠራት ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው የጣቢያው ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «ደመና» ነው የሚላት። በቴሌቪዥን ጣቢያው የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ የምትደለድለው እሷ ናት፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት ከዚሁ ሥራዋ ነው። ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መጋረጃውን ገልጣ ሰማዩን ታያለች። ሰማዩ ከጠቆረ ጥሩውን ድራማ ታወጣለች፤ ጠራራ ከሆነ ደግሞ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ትወረውርና «ዛሬ ማንም የለም» ትላለች።

እውነቷን ነበር። በበጋ ሰው ቤቱ አይገኝም። ሲመሻሽ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ያንከባልላሉ፣ ሴቶች ደጅ ወንበር አውጥተው ይጫወታሉ፣ ወንዶች የሚያመሹበት አያጡም፤ ቴሌቪዥኑ ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ሲለፈልፍ ያመሻል። ክረምት ሲገባ ያው ሰው ጫማው በስብሶ፣ ጃንጥላው ተገልብጦ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ ቤቱ ይከተታል። ያን ጊዜ ያሳዩትን ያያል። ድንች ሲላጥ ብታሳየውም ቁጭ ብሎ ያያል። የተመልካች ቁጥር የሚያጠናው ድርጅት በየወሩ ውጤቱን ሲልክ፣ የክረምቱ መስመር ሽቅብ ይወጣል፣ የበጋው ቁልቁል ይወርዳል። ደመና ይህን ለዓመታት ስታይ ኖራ ቁጥሩን የሚያወጣውና የሚያወርደው የእነሱ ጥበብ ሳይሆን ዝናቡ መሆኑ ከገባት ቆይቷል። ሥራ አስኪያጁ ግን ቁጥሩ ሲወጣ «አያችሁ ሥራዬን!» ይላል፤ ሲወርድ ፀሐይን ያማል።

ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያ ልጇ እኩያ ነው። እሱ «ደመናዬ» እያለ አንቺ ይላታል፤ እሷ ለወንበሩ ስትል አንቱ ትለዋለች። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልገውን ፕሮግራም ነበር። ቤተሰቡ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ የጠፋው ሰው ፎቶ ይታያል፣ ስልክ ይነገራል። አንዳንዱ ይገኛል፣ አንዳንዱ አይገኝም።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንዲት ነርስ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ፣ የአባቷን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ መጣች። አባቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሐሳባቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ምሳ በልተው ሳይጨርሱ ምሳ የሚጠይቁ ሰው ሆነዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሩን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው፤ እሳቸው የሉም። ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ የአስከሬን ክፍሉን ሳይቀር አዳርሳ ነው የመጣችው። ይህን ሁሉ ለካሜራው ስትናገር ሥራ አስኪያጁና ደመና ከመስታወቱ ወዲህ ሆነው ያዩዋታል።

«ይቺ ሴትዮ ወርቅ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስታለቅስ አየሻት? ፊቷን አትሸፍንም።»

ደመና እንዳልሰማች ሆና «ለእሁድ ቦታ አለኝ፤ ላስገባት?» አለችው።

«እሁድ? በዚህ ሙቀት? ማን ሊያያት? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ትናንት ስብሰባ ላይ ‹በጋ ላይ ምርጡን ማውጣት ገደል መክተት ነው› ያልሽው? ለክረምቱ መክፈቻ አስቀምጪያት።»

«ሰውዬው የጠፉት እኮ አሁን ነው! ክረምት እስኪገባ የት ይቆያሉ?»

«ደመናዬ፣ ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው። ብዙ ሰው ሲያይ ቶሎ ይገኛሉ» አለና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ደመና ትከሻዋን በእጇ አራገፈች። ቃሉ የእሷ ነበር፤ ትናንት ስትናገረው ምንም ክፉ ነገር አልነበረበትም። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን ማስቲካ መልሳ የጎረሰች ያህል ቀፈፋት።

ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች ጠበቀቻት። «እትዬ፣ መቼ ነው የሚወጣልኝ?»

ደመና «ክረምት» ማለት አቃታት። «እስቲ ፎቶውን አንዴ ስጪኝ» ብቻ አለቻት።

በፕሮግራምና በፕሮግራም መካከል የምትቀረውን ክፍት ደቂቃ በምን እንደምትሞላ ማንም አይጠይቃትም። ደመና ፎቶውንና የነርሷን ስልክ ለከሰዓት በኋላ፣ ከተደገመ የምግብ ዝግጅት ቀጥሎ አስገባችው። የጣቢያው ሰዎች ያንን ሰዓት «መቃብር» ይሉታል። በበጋ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ቢፈለግ አይገኝም፤ ሥራ አስኪያጁም ራሱ አያይም። እሷም የመረጠችው ለዚሁ ነበር።

በከተማው ሌላኛው ጫፍ ግን አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯን ተሰብራ፣ ጀሶ ታስሮላት ሶፋ ላይ ተጋድማለች። የሪሞቱ ባትሪ አልቆ፣ ተነስታ ጣቢያ መቀየር አቅቷት፣ ያንኑ የምግብ ዝግጅት እየተራገመች ታያለች። ፎቶው ብቅ ሲል «እኚህ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። በአንድ እግሯ እየነጠረች መስኮቱ ጋ ደረሰች። ከቤቷ ሥር ያለው የልብስ ስፌት ሱቅ ደጃፍ ላይ አዛውንቱ እንደ ወትሮው ተቀምጠው የስፌት መኪናዎቹን መሽከርከር ያያሉ። ሰፊዎቹ ጧሪ ያጡ አባት መስለዋቸው ሻይና ዳቦ ይሰጧቸው ነበር፤ ማደሪያቸው ከዘበኛው ጎጆ ነበር። ሴትዮዋ ስልኳን አነሳች። ነርሷ ታክሲ ይዛ ከነፈች።

ወሬው ጣቢያው ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ደመናን አስጠራት። ቁጣ ጠብቃ፣ መልሷን አዘጋጅታ ገባች።

«ፎቶውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቱ በራ። «እሰይ! ለታሪኳ መጨረሻ አገኘንላት ማለት ነው! ካሁን በኋላ ግን ማንም እንዳይሰማ። ሰውዬው እስከ ክረምቱ መክፈቻ እንደጠፉ ይቆዩልን።»

«ተገኝተዋል እኮ!»

«ለተመልካች አልተገኙም።»

ደመና በሩን ዘግታ ወጣች። በማግስቱ ለነርሷ ደውላ «ሥራ አስኪያጁ ለቀረጻ ቢለምንሽ እምቢ በይ» አለቻት።

«እንዴት አድርጌ?» አለች ነርሷ። «አባቴን ያገኘልኝ ጣቢያው አይደል? ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ የአባዬን ጉልበት ስሞ ሄደ። አንድ ቀን መጥታችሁ ቁሙልኝ ቢለኝ እምቢ ልበለው? ሰው ውለታ ቢስ ይለኛል።»

«ያገኘሁልሽ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ደመና አፍ ድረስ መጣ። መልሳ ዋጠችው። ውለታውን ቆጥራ ብትጠይቅበት ከእሱ በምን ትለያለች?

ክረምቱ ገባ። ቀረጻው የተደረገ ቀን ዝናቡ የስቱዲዮውን ጣሪያ እየደበደበ ድምፅ ቀጂውን አላሠራ አለው፤ ጋብ እስኪል ጠበቁ። አባትና ልጅ የመጡት በአንድ መኪና፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን እንደደረሱ ለያያቸው፤ አዛውንቱን አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አስቀመጠ። «ትንሽ ይቆዩ፤ ይናፍቋት» አለ።

ከዚያ እሳቸውን በአንዱ በር፣ ልጃቸውን በሌላው በር አስገቧቸው። አዛውንቱ መብራቱ ዓይናቸውን ወግቶት ቆም አሉ። ልጃቸውን ሲያዩ «ልጄ! የት ነበርሽ ልጄ!» ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ካሜራ ያዡ አፍንጫውን ሳበ። ደመናም ሳታስበው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ድንቅ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን ጀርባዋ የእሳቸውን ፊት ከለለብን። አንዴ እንድገመው።»

አዛውንቱን መልሰው ወሰዷቸው። ተመልሰው ሲገቡ እንደ አዲስ ቆሙ፣ እንደ አዲስ አለቀሱ። ተዋናይ ቢሆን ሁለተኛው ለቅሶ ይነጥፍበት ነበር፤ የእሳቸው ግን ከፊተኛው ባሰ። ነርሷ «አባዬ፣ አባዬ፣ አለሁ» ትላለች፤ የእሷ ለቅሶ አሁን የደስታ መሆኑ ቀርቷል።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ደመና ጆሮ ጠጋ አለ። «አየሽ? ይረሳሉ። በተደገመ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ነው የሚያለቅሱት። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ደመና ከሽቶው ሽታ ፊቷን አዞረች። «አንዴ ደግሞ እንድገመው» ሲል ሰማችው።

በዚህኛው ግን አዛውንቱ አልወጣም አሉ። የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው «ልጄን የት ወሰዳችኋት? አሁን እዚህ ነበረች! ምን አደረግኋችሁ? ልጄን መልሱልኝ!» እያሉ ጮኹ። ሁለት ወጣቶች ጣታቸውን ከመቃኑ ሊያላቅቁ ይታገላሉ። ካሜራው አልጠፋም፤ ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።

ደመና መብራቱ መሐል ገባች። የአዛውንቱን እጅ ያዘች። «ይበቃዎታል አባባ። ይኸው ልጅዎ፣ እዚሁ ናት።»

«ደመና! ከካሜራው ውጪልኝ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ አባት የለህም?» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አለኝ» አለ ቅር እንኳ ሳይለው። «እሁድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህንን ነው የሚያየው።»

ደመና ያን ፕሮግራም በእጄ አልደለድልም አለች፤ እሱ ራሱ ደለደለው። እሁድ ምሽት፣ ከዜና ቀጥሎ። ዝናቡ ዶፉን ሲያወርደው ውሎ አመሸ። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። ደመና ኩሽና ሆና ላለመስማት ሳህን ብታንኳኳም የአዛውንቱ ድምፅ ገባና ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ አለ። «ልጄን የት ወሰዳችኋት? ልጄን መልሱልኝ!»

እጇን ሳታደርቅ ወደ ሳሎን ሮጠች። ያንን ጩኸት ከመገናኘታቸው በፊት አስገብተውታል። ወጣቶቹ ተቆርጠው ወጥተዋል፤ ከሥሩ ዋሽንት ተጨምሯል፤ አዛውንቱ ጠፍተው በነበሩ ጊዜ ልጃቸውን ሲጣሩ የተቀረጹ ይመስላሉ። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ልጃቸው ትመጣለች። ባሏ በጋቢው ጫፍ እንባውን ይጠርጋል።

«አየሽ የአባት አንጀት!» አላት።

ነገረችው። አንድ ሳታስቀር፣ ከበሩ መቃን ጋር የተጣበቁትን ጣቶች ሳይቀር ነገረችው። እስከ መጨረሻው ሰማትና ተቆጣ። «ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትነግሪኝ? ደስ ብሎኝ ነበር እኮ ያለቀስኩት!»

የዚያ እሁድ ቁጥር ጣቢያው ከተከፈተ ታይቶ የማያውቅ ሆነ። ኬክ ተቆረሰ። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለደመና አቀበላት፤ ክሬሙ በጣቶቹ ላይ ነበር። «ለእናታችን! ክረምትን ያስተማረችን!» አለ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ደመና ቁራሹን ሳትቀምስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣችና እጇን በሳሙና ታጠበች።

በማግስቱ ወደ ማኅደር ክፍሉ ልዛወር ብላ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። አሮጌ ካሴት እያራገፈች ጡረታዋን ትጠብቃለች። ፕሮግራሙ ቀጠለ። በጋ ሲመጣ ቁጥሩ እንደ ልማዱ ወረደ፤ ፀሐይዋ ልትባረር አትችልምና የፕሮግራሙ አቅራቢ ተባረረች። ምክንያቱ «ሰው ማስለቀስ አቃታት» የሚል ነበር።

ሌላ ክረምት ሲገባ ደመና እነነርሷን ልትጠይቅ ሄደች። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ የተከደነው ስፌት መኪና እንደ ጠረጴዛ ሆኖ የመድኃኒት ብልቃጥ ተደርድሮበታል። አዛውንቱ ከስተዋል።

«ሲመሽና ሲዘንብ ይብስባቸዋል» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተነስተው የበሩን መቃን ይይዛሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ‹ልጄን ወሰዷት› ይሉኛል። ሐኪሙ ሕመሙ ነው ይለኛል። እንዲያው እትዬ፣ ያ ቀን ይሆን?»

ደመና «አይደለም» ብላ ልታጽናናት ፈለገች፤ ግን «አላውቅም ልጄ» አለቻት።

በሩ ተንኳኳ። ደመና ቅርብ ስለነበረች ከፈተችው። የጎረቤት ሴት ናት፤ ከኋላዋ እንግዳ እህቷን አስከትላለች። እህትየው ስልኳን ከወዲሁ አዘጋጅታ ይዛለች።

«የቴሌቪዥኑን አባባ ላሳያት ነው» አለች ጎረቤቷ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ። «እንዳው አንዴ፣ ‹ልጄ› ይበሉልንና እንሄዳለን።»

ደመና በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው፤ መቀርቀሪያውንም ወረወረችው። ከውጭ የጎረቤቷ ድምፅ ተሰማ።

«ምን ዓይነቷ ናት! እኛ እኮ አልቅሰንላቸው ነበር!»