ከሪራ እስከ ጎባ ጭኔ ላይ የነበረው ደብዳቤ

ሮቤ ውስጥ የማር ማኅበራትን በሚያግዝ አንድ ትንሽ ቢሮ ጽዳት ነበርኩ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ኃላፊያችን ከጎጃም የመጡ፣ ኦሮምኛ የማይሰሙ ሰው ስለነበሩ፣ ጫካ ውስጥ ወዳለችው ሪራ ወርደው ከሴቶቹ የማር ማኅበር ጋር ሲነጋገሩ እኔን ለማስተርጎም ይወስዱኝ ጀመር። ዓይን አፋር ነኝ። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ለመጠየቅ እንኳ ሌላው ሰው እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ሳስተረጉም ግን አላፍርም። ቃሉ የሌላ ሰው ነዋ።

ቢሮው ላፕቶፕ የገዛ ጊዜ ኢሜይሉን የሚያስተካክል አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጣ። ኃላፊው ስልክ ይዘው ስለነበር፣ «ለእሷ አስረዳት፤ ቦርሳውን የምትይዘው እሷ ናት» አሉት። መምህሩ አልናቀኝም። ቢሮ ስትሆኑ ይህ ገመድ ይሰካል፣ መንገድ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ያለ ገመድ ኢንተርኔት የምታመጣ ይህች ጣት የምታህል ሲዲኤምኤ አለች፣ ጎባ ድረስ ትሠራለች አለኝ። ላፕቶፑ ላይ የተነበበ ደብዳቤ ከቢሮው ኮምፒዩተር እንዳይጠፋ፣ ቅጂው እንዲቀር የሚያደርግ ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። ኔትወርክ የሌለበት አገር ስትገቡም ጻፉ፣ ሴንድን ተጫኑ፤ ደብዳቤው አውትቦክስ የሚባል ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ኔትወርክ ያገኘ ቀን ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል አለ። ማታ ለአውቶቡስ ሾፌር እንደተሰጠ ደብዳቤ ነው አልኩ በልቤ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቢያድርም ደብዳቤው ከእጅ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ሪራ ወረድን። ለሴቶቹ ዘመናዊ ቀፎ ይሰጣችኋል ከተባለ ሁለት የማር ወቅት አልፎ ነበር። የዛፉን ቀፎ ወንዶቹ ወጥተው ይሰቅላሉ፤ ይኼኛው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ሴቶቹ በጣም ይጠብቁት ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አንዲት ረጅም ሴት፣ ብድግ ብላ ተናገረች፤ እኔም ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። «ንቡ እንኳ ቀፎ ይመጣል ሲባል ሰምቶ፣ ሲጠብቅ ሲጠብቅ አረጀ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቁም። ስብሰባው ሲበተን ግንድ ላይ ተቀምጠው ላፕቶፑን ከፈቱ። የሚጽፉት በሁለት ጣት ነው፤ የሚጽፉትንም ድምፅ አውጥተው ያነቡታል። ስለዚህ አጠገባቸው ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ለአዲስ አበባው ዋና ቢሮ ነበር። በእናንተ ውሸት የምሰደበው እኔ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ የሚል። ሴንድን እንደ ሚስማር መቱት። ደብዳቤው ከፊታቸው ጠፋ።

«ጫካ ውስጥ የት ይሄዳል» አሉ ላፕቶፑን እያቀበሉኝ። «እኔ ግን ወጣልኝ።»

የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ግን ለአለቃ «ተሳስተዋል» የምልበት አፍ የለኝም። ደግሞም የምር ሊለቁ ፈልገው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ፣ ሳነቴ ተራራ ላይ ስንወጣ የኃላፊው ስልክ ጠራ። ቀፎዎቹ ተጭነው ሻሸመኔ አድረዋል፣ ነገ ሮቤ ይገባሉ ተባለ። ሰውዬው እንደ ልጅ ሆኑ። ሾፌራችን የጎባ ሰው ነው፣ ቀልደኛ። ጋሼ፣ የመጣልዎት ቀፎ ነው ወይስ ሙሽራ እያለ አሾፈባቸው። እሳቸውም ጎባ ሻይ እየጠጣን ለዋና ቢሮው የምስጋና ደብዳቤ እልካለሁ አሉ።

የላፕቶፑ ቦርሳ ጭኔ ላይ ነበር። ሲዲኤምኤዋ በተሰካች ቅጽበት ከምስጋናው በፊት የመልቀቂያው ደብዳቤ ይደርሳል። ሰውዬው የለፉበት ነገር በተሳካ ቀን ሥራቸውን ሊያጡ ነው። ቁልቁል ስንወርድ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ አልኩ። አስታውን አለፍነው። ጥዱ ጋ ስንደርስ አልኩ። ጥዱ አልቆ ጎባ ገባን።

ሻይ ቤት ተቀምጠን ኃላፊው ላፕቶፑን ከፈቱና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሲዲኤምኤዋን በጡጫዬ ጨበጥኳት።

«አምጪያ» አሉ።

እጄን ወደ ኋላዬ ወሰድኩ።

«ኢንተላ፣ ዋጥሻት እንዴ?» አለ ሾፌሩ፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ሪራ በሴቶቹ መካከል እንደምቆመው ቆምኩ፤ እንደዚያ ካልሆነ ቃል አይወጣኝም። «ጋሼ፣ ላፕቶፑ እንዲህ ይላል» አልኩ። «ትናንት የሰጡኝን ደብዳቤ አልጣልኩትም፤ ይህችን ከሰኩልኝ አሁኑኑ አዲስ አበባ አደርሰዋለሁ ይላል።»

ኃላፊው የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ኔትወርክ አልነበረም እኮ።»

«ጠብቋል» አልኩ።

ሾፌሩ የምን ደብዳቤ እንደሆነ ጠየቀ። ኃላፊው ላፕቶፑን ቀስ አድርገው ወደ እኔ አዞሩት። አውትቦክስን ከፈትኩ። ብቻውን ቁጭ ብሏል። መርጬ ማጥፊያውን ስጫን፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ጣቴን አነሣሁ።

«ይህንን እርስዎ ይመልሱ» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በአንድ ጣት፣ በቀስታ ተጫኑት። ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ሲዲኤምኤዋን ሰጠኋቸው። በላብ ርሳ ነበርና በእጅጌያቸው ጠርገው ሰኳት። ምስጋናው ሄደ።

አስተናጋጁ መጥቶ ምን ልታዘዝ ሲል ኃላፊው ወደ እኔ ጠቆሙ። ከአለቃና ከሾፌር ጋር ስቀመጥ ሁልጊዜ ጠግቤያለሁ እል ነበር፤ ረሃቤንም ይዤ ሮቤ እገባ ነበር።

«ጥብስ» አልኩ።

ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። «አልሃምዱሊላህ፣ ለካ ትበላለች» አለ።