ቲቸር አማካይ እና የኋላው ረድፍ

ይህችን ሴት በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ልወስድ ሄጄ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል በር ላይ ስቆም ነው የማያት። ስናወራ አንቱ እላታለሁ፤ በዕድሜ ግን ታናሽ እህቴን ስለምታክል እዚህ «እሷ» ብል አትቀየመኝም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስለ ሥራዋ የምጽፈው ልጄ እራት ላይ ስታስረዳኝ የገባኝን ያህል ነው። ያልገባኝ ይበልጣል።

እዚያው ታስተምራለች፣ ለዶክትሬቷም ትማራለች። ትምህርቷ ስሌታዊ ሳይንስ ይባላል። በእጅ ሞክረው ሊያዩት የሚያስቸግረውን ነገር ኮምፒውተር እንዲያሰላው ማድረግ ነው፣ አለችኝ ልጄ። እሷ የምታሰላው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መማሪያ ክፍል ውስጥ ሙቀት እንዴት እንደሚዘዋወር ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚመጡ ልጆችን በነፃ ታስተምራለች። «የአንድ ቦታ ሙቀት የጎረቤቶቹ አማካይ ነው» ማለት ስለምታበዛ ልጆቹ ቲቸር አማካይ ይሏታል። እናቷ ይህን ስትሰማ፣ አንደኛ ትውጣ ብዬ አስተምሬ አማካይ ሆና ቀረች ብላ አዝናለች አሉ።

መጀመሪያ ያስተማረቻቸው ኮምፒውተር መክፈት ሳይሆን መዝጋት ነበር። ሥራችሁን አስቀምጡ፣ ዝጉ፣ ከዚያ አጥፉ፤ ስትወጡ የበራ ነገር እንዳይቀር። ልጄ ይህን ቤት ድረስ ይዛው መጣች። እየተከተለች መብራት ታጠፋብኛለች። አንድ ቀን ሱሪ ልተኩስ ስል ካውያው ቀዝቅዟል፤ ለካ ነቅላዋለች። «ወሬ ይዘህ ስለነበር የረሳኸው መስሎኝ ነው» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ሲወጡ፣ አንድ ሰው የኋላው ረድፍ ላይ ስክሪናቸው ጠቁሮ ትንሿ መብራታቸው ብቻ የምታበራ ኮምፒውተሮችን አየ። የተረሱ መሰሉት። የጫፉን አጠፋ።

አልተረሱም ነበር። በገመድ ተያይዘው የዶክትሬቷን ስሌት ለሳምንታት ሲሠሩ ነው የቆዩት። ልጆቹን አስቀምጡ አስቀምጡ የምትል ሰው፣ እንዲፈጥንላት ብላ ኮምፒውተሮቹ የራሷን ስሌት በየመሃሉ እንዲያስቀምጡ አላዘዘቻቸውም። አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ቆመ፤ የተሠራው ጠፋ። ውጤቱን ለፈታኞቿ የምታስረክብበት ቀን ደግሞ ደርሶ ነበር። ካለፋት ምረቃዋ ለከርሞ ይዛወራል፤ ይጠብቃት የነበረው የሥራ ቦታም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ስደርስ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ልጆቹ ፊት ቆሟል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ለእሷ ተቆርቁሮ ነው። ማን እንዳጠፋ ጠየቀ፤ እጅ ያወጣ የለም። ወደ እሷ ዞረ። በር ላይ ቆማ ስለምታሰናብታቸው ማን መጨረሻ እንደወጣ እንደምታውቅ እሱም ያውቃል።

«ጥፋቱ የሌላ ሰው መሆኑን ከጻፍኩ ጊዜ ይጨምሩልሻል። ስም ብቻ ስጪኝ» አላት።

«ማጥፋት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «የኔን ስም ይጻፉ።»

እንደዚያ ከሆነ ጊዜም እንደማይጨመርላት፣ የቅዳሜ ልጆችም ከዚህ ክፍል መውጣት እንዳለባቸው ነገራት። እሺ ብላ ልጆቹን ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው።

እዚያ እያንዳንዱን ልጅ የወለሉ አንዳንድ ንጣፍ ላይ አቁማ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻቸው። በመስኮቱ በኩል ያሉት ትልቅ ቁጥር ያዙ፤ ፀሐይ ናቸው። ሌሎቹ ዜሮ። ስታጨበጭብ እያንዳንዱ የፊቱን፣ የኋላውን፣ የቀኙንና የግራውን ልጅ ቁጥር አይቶ አማካዩን ይጽፋል። ባጨበጨበች ቁጥር ሙቀቱ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ እንኳ አየሁት። አንዱ ጎረምሳ፣ ጎረቤቴ ማካፈል አይችልም፣ በረድኩ ብሎ አሳቃቸው።

ከዚያ መሃል ላይ ያለችውን አንዷን ወጥታ እንድትቀመጥ ነገረቻት። ጎረቤቶቿ ቁጥሯን አጡና ቆሙ። እነሱን የሚጠብቁትም ቆሙ። ቀስ በቀስ ኮሪደሩ በሙሉ እርሳሱን ይዞ ቀረ።

«የኋላው ረድፍ ምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም።

ልጄ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወለሉን ታይ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብተን መብራት ያጠፋብኝ የለም።

የሥራ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷ ስሌቱን እንደገና ጀምራለች፤ ቅዳሜም ኮሪደሩ ላይ ነች። ባለፈው ልጆቹ እስኪሄዱ ቆየሁና ወረቀት ስትለቅም አገዝኳት። ስንት ጊዜ ልጠይቃት ብዬ ትቼዋለሁ።

«መምህርት» አልኩ፣ «ያጠፋችው የኔዋ ናት እንዴ?»

ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብላ ጠርዛቸውን አስተካከለች።

«ጋሼ፣ እሱን አይጠይቁኝ» አለች።