የየኔታ ሆድ በቼናይ

ነገ ልሄድ ነው በተባለበት ምሽት ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ በመራቂና በአልቃሽ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ በር በሩን የሚያየው ለአንድ ሰው ነው፤ ፊደል ላስቆጠሩኝና ዳዊት ላስደገሙኝ ለየኔታ። ከዲማ በሚኒባስ ተንገጫግጨው መጡና ገና ሳይቀመጡ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። በሩን አዘግተው፣ ጋቢያቸውን ገልጠው፣ ሆዳቸው ላይ የጠመጠሙትን መቀነት ይፈቱ ጀመር።

"በል ፎቶ አንሳው።"

"ምኑን፣ የኔታ?"

"ሆዴን ነዋ! ለዚሁ አይደል የምትሄድ? ለመምህሮችህ አሳያቸው። እኔ አገር ማቋረጥ ባልችል እሱ ይሂድ እንጂ።"

ሳቄ መጣ፤ ግን አንጀቴ አረረ። ያንን ሆድ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንጀታቸው ታጥፎ ሊሞቱ ሲሉ ቀድጄ አዳንኳቸው። ከወራት በኋላ ግን ስፌቱ ላላና አንጀታቸው ከቆዳቸው ሥር ወጥቶ ይወጠር ጀመር። ሄርኒያ የምንለው ይኸው ነው። በዓመቱ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ደግሜ ሰፋሁት፤ ከፋሲካ በኋላ ቅል የሚያክል ሆኖ ተመለሰ። ያለ መቀነት ማኅሌት መቆም አቃታቸው። ለምን እንደሚከፈትብኝ ብጨነቅ ብጠበብ አልገባህ አለኝ። ህንድ አገር ለቀዶ ሐኪሞች የሆድ ግድግዳ ጥገናን ብቻ የሚያስተምር የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ ሲገኝ እሺ ለማለት ያላመነታሁት በእሳቸው ምክንያት ነው።

ቼናይ ስደርስ ሙቀቱ የአውሮፕላኑ በር ላይ ተቀበለኝ። ለማርቆስ ብርድ የለመድኩትን ወፍራም ሹራብ ምን አስቤ ይዤው እንደመጣሁ እንጃ፤ ዓመቱን ሙሉ ትራስ ሆኖ አገለገለኝ። ቤት ፍለጋ የገባሁባቸው አከራይ ደግሞ ሥጋ በደጃቸው የማያልፍ ሽማግሌ ነበሩ።

"ሥጋ ትበላለህ?" አሉኝ፣ ቁልፉን ይዘው።

"አሁን አልበላም፤ ጾም ነው።"

"ነገስ?"

"ነገም ጾም ነው። እስከ ፋሲካ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለም።"

"ወተትም?" ደነገጡ። "ምን አጥፍተህ ነው?"

"ኧረ ምንም። ሁላችንም እንጾማለን።"

ትንሽ አሰቡ። "ከፋሲካ በኋላስ?"

ዓይኔን ቁልፉ ላይ ተከልኩ።

"እዚህ ቤት ፋሲካ የለም" አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ደግ ሰው ነበሩ። በማግስቱ ዶሳ የሚባለውን፣ ከሩዝና ከምስር የሚቦካውን ቂጣ አቀረቡልኝ። አቦካኩ እንደኛው ስለሆነ ደስ ብሎኝ እንደ እንጀራ ልጠቀልለው ስል እጄ ላይ ተንኮሻኩሾ ተሰበረ። ሰፈራችን ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ሳይ ደግሞ ደብረ ወርቅ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስኩ ይመስለኝ ነበር።

ፕሮፌሰሬ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ሜሽ የሚሉትን፣ አጎበር የመሰለ መረብ ከጡንቻው ኋላ እንዴት እንደሚያነጥፉት ሳይ፣ በክር ብቻ ስታገል የኖርኩበት ዘመን አሳዘነኝ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ጥያቄያቸው ነው። በሽተኛውን ምን ትሠራለህ፣ እንዴት ትቀመጣለህ፣ ስትነሣ ምን ትደገፋለህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ያወሩታል። የየኔታን ፎቶ ሳሳያቸውም ስለ ስፌቱ አልጠየቁኝም።

"ይህ ሰው ቀኑን በምን ያሳልፋል?"

"ቁጭ ብለው ያስተምራሉ።"

"ዓመቱን ሙሉ?"

"አዎ፣ ከባድ ነገር አያነሡም" አልኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቃቸው ሰው ይህች ደግሞ ምን ትለኛለች እያልኩ ተናድጄ።

መልሱን ያገኘሁት ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ከሥራ ስመለስ በዚያው ቤተ መቅደስ በር አንድ ሽማግሌ በደረታቸው መሬት ላይ ተዘርግተው ይሰግዳሉ። ሲነሡ በአንድ እጃቸው ሆዳቸውን ደገፉ። ስቅለት! ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት! እኔው ራሴ ከየኔታ ጎን ቆሜ፣ ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ እየሰገድኩ ያደግሁ ሰው እንዴት ረሳሁት?

እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ፕሮፌሰሯ ትናንት የሰጡኝ ወረቀት አለ፤ አንድ ዓመት ጨምሬ አብሬያቸው እንድሠራ የሚጠይቅ። ልፈርምበት እስክሪብቶ ሁሉ አውጥቼለት ነበር የወጣሁት። ገፋ አድርጌው ደወልኩ።

"የኔታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሰፋሁዎት ዓመት ስቅለት ላይ ሰግደው ነበር?"

"ምን ማለትህ ነው? ክርስቲያን አይደለሁም?"

"ብዙ?"

"እንደ ወትሮው ነዋ። ከባድ ዕቃ አያንሡ አልከኝ፤ እግዜር ያውቃል፣ ድጓውን እንኳ በሰው ነው ሳስወርድ የኖርሁ። ስግደት ከመቼ ወዲህ ነው ዕቃ የሆነ?"

አፈርኩ። ደስም አለኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ስፌቱን ስግደቱ እንደከፈተው፣ ጥፋቱም የእሳቸው ሳይሆን የእኔ እንደሆነ፣ አሁን በመረብ ላጠናክርላቸው እንደምችል፣ ጠባሳው እስኪጠና ግን አንድ ስቅለት ሳይሰግዱ ማለፍ እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ከበስተጀርባቸው ተማሪዎቻቸው ዳዊት ሲደግሙ ይሰማኛል።

"አንድ ስቅለት ብቻ?"

"አንድ ብቻ፣ የኔታ።"

"የንስሐ አባቴን ላማክር። እሳቸው እሺ ካሉ እኔም እሺ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግን በሌላ ሰው አላስነካም። እንግዲያስ ቁርጡን ንገረኝ፤ ከስቅለት በፊት ነህ ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆንህ የዘንድሮውን ልስገድበት።"

ወረቀቱን አየሁት። እስክሪብቶው ክዳኑ እንደተከፈተ ላዩ ላይ ተጋድሟል።

"ሃሎ" አሉ የኔታ። "ሃሎ፣ ልጄ፣ ትሰማኛለህ?"

በደንብ እየሰማኋቸው ነበር።