ወይንሸትን የዘጋሁበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የሕንጻችንን ኢንተርኔት ሊያስተካክል የመጣው ልጅ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ የሁላችንም ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን አረንጓዴ ወይም ቀይ ነጥብ አለ። «ይኸውልዎት እትዬ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ስንት ተጠቀመ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ አያለሁ» አለኝ። ደስ ብሎታል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ዓይኔን ከስክሪኑ አንስቼ ይቅርታ ጠይቄው ወደ ጓዳ ገባሁ።

እንዲህ ያለውን ስክሪን እኔም አንድ ጊዜ ለሰፈሬ ሠርቼ ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከወላጆቼ ጋር እኖራለሁ። የሦስት ብሎክ ነዋሪዎች ተሰባስበን አንድ መሥመር አስገብተን፣ በጣሪያ ላይ በሽቦና በትንንሽ አንቴና ለየቤቱ አከፋፍለን ነበር። የራሳችን ነው፣ ማንም አልሠራልንም፤ በዚህ እንኮራ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን መሥመሩ ኤሊ ሆነ። «ማነው የሚጨርስብን?» የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ደረጃ ላይ ሰላምታ የተከለካከሉም ነበሩ።

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንደኛ በማኅበር ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ወንድሜ ጥሎት በሄደው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቤት ሥዕል ይሠራል፤ ወደ ቤቱ የሚገባው በሰማያዊ መሥመር፣ ከቤቱ የሚወጣው በቀይ። አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ አንዱን ቤት ለብቻው መዝጋት ይቻላል። የቤት ቁጥር ብጽፍበት ይበቃ ነበር። ግን እኛ ሰፈር ሰው በቁጥር አይታወቅም። ለመሥመሩ ያቋቋምነው ኮሚቴም ቁጥር ሳሳያቸው «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» እያሉ አስቸገሩኝና የሁሉንም ስም ጻፍኩበት። ስንፍናም ነበር፣ ሰው ማስደሰትም ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ግዛው ነበሩ፤ የእድራችንም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ቀብር የቀረን ሰው ስም ደረጃ ላይ የሚለጥፉ፣ ለሰፈሩ ሮጠው የማይደክሙ፣ ድምፃቸው ከሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ ሰው። ስክሪኑን ባዩ ቀን «ኢንጂነሯ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፈሩ ስለ እኔ የነበረው ጥያቄ መቼ እንደማገባ ብቻ ነበር። ያቺ ስም እንዴት እንዳሞቀችኝ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነሐሴ ነበር። ከብሎካችን ጀርባ የፍሳሽ ጉድጓድ ፈንድቶ መንገዱን ይዞት ነበር። ድንጋይ እየረገጥን፣ አፍንጫችንን በነጠላ ይዘን ነው የምናልፈው። እዚያው አጠገብ በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ሰው ከዚያ ሽታ መሐል ቆሞ ይበላል። ሰው ሁሉን ነገር ይለምዳል። እኔም ለመድኩ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ኮሚቴው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ ሥጋ ቤት ጋበዘኝ። አራት ወንዶችና እኔ። ዱለትና ጥብስ መጣ። ላፕቶፕ ተውሼ ሄጄ ነበርና በስልኬ በኩል ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ የወሩን ሥዕል ከፈትኩላቸው። ከሁሉም ቤት በላይ የወጣው መሥመር የወይንሸት ነበር።

ወይንሸት ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት። ወደ ሠላሳ ይሆናታል። ከወሎ የመጣች፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት። ስታገኝህ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች፤ ከሰፈሩ ጋር ያላት ንግግር ይኸው ነበር።

«መስማት የማትችል ሴት ኢንተርኔት ምን ያደርግላታል?» አሉ ጋሽ ግዛው፣ በእውነት ገርሟቸው።

እዚህ ጋ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። ግን ማወቄን ማሳየት ፈለግሁ። «የሚገርመው እሱ አይደለም ጋሽ ግዛው» አልኩ። «ሰው ፊልም ሲያይ ሰማያዊው ብቻ ነው የሚወጣው። የሷን ይዩት፣ ቀዩም እኩል ነው። የምትቀበለውን ያህል ትልካለች። ራሷን እየቀረጸች ነው ማለት ነው። በየቀኑ፣ እኩለ ቀን ላይ።»

አንደኛው ሰውዬ የጠቀለላትን እንጀራ አስቀመጠና «ለማን?» አለ። ሌላው «ከፋዩ ይኖራላ» አለው። ሳቁ። አፋቸው ውስጥ ያለው ዱለት እየታየ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አላሳቀኝም፤ በዚያ ጠረጴዛ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝና እንደ ልጅ እንዳያዩኝ ፈራሁ።

«ዝጊያት» አሉ ጋሽ ግዛው። «ልጆች የምናሳድግበት ግቢ ነው።»

ስሟ ላይ ሁለቴ ነካሁ። ከስሟ ጎን ያለው አረንጓዴ ነጥብ ቀይ ሆነ። ጋሽ ግዛው ተደስተው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉልኝ፤ ጥብሱ ቀዝቅዞ ሞራው ረግቶ ነበር። ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ዋጥኩት፣ አመሰገንኩም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጀሞ ደረሰ ማለት ይቻላል። በሳምንቱ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከበሯ ያርቁ ጀመር። ምስኪን ወይንሸት የምታየው ፊት መዞሩን ብቻ ነበር፤ የሚባለውን አትሰማም። ስልኳን ይዛ ሁለት ጊዜ እኛ ቤት መጣች፣ አይሠራም ብላ በእጇ አሳየችኝ። ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩላት፤ ዝናቡ ነው ማለቴ ነው። በሕይወቴ በምልክት የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ውሸት ነበር። አመነችኝ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሄደች።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ እንደገና መጣች። ዓይኗ አባብጧል። የያዘችውን ደብተር ገልጣ ሰጠችኝ፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነበር። «እናቴ እኔ የሞትኩ መስሏት ታለቅሳለች። እህል አትበላም። እባክሽ ፊቴን አሳዪልኝ።»

ቀስ በቀስ፣ እየጻፍን እየተቀባበልን ነገሩ ገባኝ። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም፤ መልእክት መጻጻፍ አይችሉም። ልጅቷ ስልክ መስማት አትችልም። ሁለቱ የሚነጋገሩት ከወይንሸት ሕፃንነት ጀምሮ ራሳቸው በፈጠሩት የእጅ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ወሎ ያለች የእናቷ ጎረቤት ስልኳን ለአሮጊቷ ትይዝላቸዋለች፤ እናትና ልጅ በቪዲዮ ይጫወታሉ። የሞባይል ዳታ ያኔ ይህን የሚሸከም አልነበረም። መሥመሩ ሲቋረጥ ወይንሸት በስልክ መልእክት ለዚያች ጎረቤት ጻፈችላት፣ ጎረቤቷም ለእናቷ «ደህና ናት፣ ኔትወርክ ነው» አለቻቸው።

ለአንዲት የወሎ እናት እንዲህ ይባላል? መርዶ እስኪነገር ድረስ የሟች እናት የምትባለው ይህንኑ አይደለም? ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው፣ ስልኩ አልሠራ ብሎ ነው። ሰዎች በየቀኑ ደህና ናት ባሏቸው ቁጥር አሮጊቷ ልጃቸውን ይበልጥ ቀበሩ።

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት፣ ስሟን ነካሁ። ነጥቡ አረንጓዴ ሲሆን በስልኳ ደወለች። ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት ታዩ፤ ጥቁር ለብሰዋል፣ ወገባቸውን በመቀነት ታጥቀዋል፣ ጉንጫቸው ላይ የጥፍር ምልክት አለ። መጀመሪያ አላመኑም። ወይንሸት ፊቷን አስጠግታ እጆቿን አንቀሳቀሰች፤ ፈጥና፣ ሳታቋርጥ። አሮጊቷ ጎረቤታቸው የያዘችላቸውን ስልክ በመዳፋቸው መደባበስ ጀመሩ። የሚታየኝ መዳፋቸው ብቻ ሆነ።

እኔ ዓይኔን አነሳሁና ኮምፒውተሩን አየሁ። ሰማያዊውና ቀዩ እኩል እየወጡ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በልቶ የሳቀበት ሥዕል ይኸው ነው። ያን ዕለት የተሰማኝን ለመግለጽ ሐፍረት የሚለው ቃል ይቀልላል። ራሴን ተጠየፍኩት፤ እንደ ቆሸሸ ጨርቅ ከላዬ አውልቄ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ወይንሸት ስትጨርስ አቅፋ ሳመችኝ። እንባዋ አንገቴ ውስጥ ገባ። ያስተካከልኩላት መስሏታል።

እሑድ የብሎኩ ስብሰባ ነበር። መናገር እንዳለብኝ አውቄ ነው የሄድኩት፤ ሌሊቱን ቃል በቃል ሳጠናው ነው ያደርኩት። ጋሽ ግዛው «የዚያች ልጅ ጉዳይስ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም አየኝ። ብናገር የሚቀጥለው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ታዲያ ራሷን ትቀርጻለች ያለው ማነው? «ተስተካክሏል» አልኩ። ጸሐፊው ተስተካክሏል ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ፍሳሹ ጉድጓድ አለፍን። መስከረም ሳይጠባ አከራይዋ ዘመድ ይመጣብኛል ብላ ወይንሸትን አስወጣቻት። ፍራሿን ባጃጅ ላይ ስትጭን ከሰገነት ሆኜ አየኋት። አልወረድኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ትከሻዬን ሰው ነካኝ። ዞር ስል እሷ ናት። ወፍራለች፣ አምሮባታል። አብራት የነበረችው ሴት ትሰማለች፣ የምልክት ቋንቋም ትችላለች። ወይንሸት ወደ እኔ እያመለከተች ረጅም ነገር ነገረቻት፤ ሴትዮዋም ፈገግ ብላ ተረጎመችልኝ። «ያኔ እናቴን ያተረፈችልኝ እሷ ናት ትላለች። እዚሁ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ስፌት ከፍተናል፣ ነይና ልስፋልሽ እያለችሽ ነው።» ቀጥላም «ምን ልበልልሽ?» አለችኝ።

አፍ ተሰጥቶኝ ነበር። የማመካኝበት ነገር አልቀረልኝም ነበር። ሁለቱም እየጠበቁኝ ነው።

«ሰላም ነኝ በይልኝ» አልኳት። ታክሲ መጣ፣ ገባሁ።

ይህን የጻፍኩት ለእሷ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ለእሷ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ገጽ አያስፈልግም፤ ደብተር ላይ በትልልቅ ፊደል ሁለት መስመር ጽፎ ይዞ መሄድ ይበቃል። ሱቋ ከቤቴ በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው።